ያለ ትርፍ ስብ ጡንቻ ማዳበር

ያለ ትርፍ ስብ ጡንቻ ማዳበር ማለት በክብደት ልምምድና በተስተካከለ አመጋገብ የሰውነትን ጡንቻ እያሳደጉ ስቡ ግን እንዳይጨምር፣ ቢጨምርም እጅግ ጥቂት እንዲሆን ማድረግ ነው። ስለ ጉዳዩ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር ዓመቱን ሙሉ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ሊበሉ የሚችሉ ሰዎችን ታሳቢ ያደረገ ነው። በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የላስታ ደጋ (ሰሜን ወሎ፣ አማራ ክልል) ሁኔታው ይለያል። አብዛኛው ነዋሪ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በመሆኑ ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን ከጥሉላት ተከልክሎ ያሳልፋል፤ መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ የገጠሩ ሰው ዋና ችግርም ውፍረት ሳይሆን ክሳት ነው። ይህ መጣጥፍ የጡንቻ ዕድገትን አጠቃላይ መርሕ ከዚህ አካባቢ ምግብ፣ ጾምና ሥራ ጋር አያይዞ ያቀርባል።

የጡንቻ ዕድገት ምንነት

ጡንቻ ከቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። በአዋቂ ሰው ዕድገቱ የሚመጣው በዋናነት ክሮቹ በመወፈራቸው እንጂ በቁጥር በመብዛታቸው አይደለም፤ ይህ ሂደት ሃይፐርትሮፊ ይባላል። ሰውነት በየዕለቱ የጡንቻ ፕሮቲን ያፈርሳል፣ መልሶም ይሠራል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያህል የመሥራቱ ፍጥነት ከፍ ብሎ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ከምግብ በቂ ፕሮቲን ከተገኘ የሚሠራው ከሚፈርሰው ይበልጣል፤ ልዩነቱ ለሳምንታትና ለወራት ሲጠራቀም በዓይን የሚታይ ጡንቻ ይሆናል።

ስብ ሌላ ሕብረ ሕዋስ ነው። ሰውነት ከሚያወጣው በላይ ያገኘውን ጉልበት የሚያከማችበት ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። ስብ ወደ ጡንቻ፣ ጡንቻም ወደ ስብ አይለወጥም። ስፖርት ያቆመ ሰው «ጡንቻው ቦርጭ ሆነ» ቢባልም የሆነው ነገር ሁለት ነው፤ ጡንቻው ሥራ አጥቶ ከስቷል፣ የሚበላው ምግብ ግን ስላልቀነሰ ስብ ተጠራቅሟል።

በትምህርት ቤት «ገንቢ ምግብ» እየተባለ የሚማሩት ፕሮቲን ለአንድ ጤነኛ አዋቂ በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ገደማ ይበቃዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ወደ 50 ግራም ይጠጋል። ጡንቻ ለማዳበር ክብደት ለሚያነሳ ሰው ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 49 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ ከልምምድ የሚገኘው የጡንቻ ጭማሪ በቀን በኪሎ 1.6 ግራም እስኪደርስ ድረስ ከፕሮቲኑ ጋር እንደሚጨምር፣ ከዚያ በላይ ግን በአማካይ እምብዛም ለውጥ እንደማይታይ አሳይቷል። ለዚያው 60 ኪሎ ሰው 96 ግራም ማለት ነው።

የላስታ ሥራ ለምን ጡንቻ አያወፍርም

በላስታ የጉልበት ሥራ አይጠፋም። ሴቶችና ልጃገረዶች 20 ኪሎ የሚመዝን የውሃ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ዳገት ይወጣሉ፤ ወንዶች ያርሳሉ፣ ድንጋይ ያመላልሳሉ፣ እርከን ይሠራሉ። ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ብርቱና ታጋሽ ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ቀጭን ነው። «ሥራ ጡንቻ ያወጣል» የሚለው አባባል ትክክል ከሆነ ላስታ በደንዳና ሰዎች የተሞላ በሆነ ነበር።

ምክንያቱ ከሸክሙ ዓይነት ይጀምራል። ጡንቻ የሚወፍረው ጭነቱ ቀስ በቀስ ሲጨምርበትና እያንዳንዱ ዙር ጡንቻው ሊዝል በተቃረበ ጊዜ ሲያበቃ ነው። ጀሪካኑ ግን ዘንድሮም አምናም 20 ሊትር ነው፤ ሰውነት አንዴ ከለመደው በኋላ የሚጨምረው ጽናትን እንጂ ውፍረትን አይደለም። ለሰዓታት ዳገት መውጣትና መውረድም ብዙ ጉልበት ይፈጃል፤ ያን የሚተካ ምግብ ካልተገኘ ሰውነት የበላውን ፕሮቲን ለግንባታ ከማዋል ይልቅ እንደ ማገዶ ያቃጥለዋል።

የምግቡ እጥረት ደግሞ እውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአዋቂ ሴቶች 22 ከመቶ፣ ከወንዶች 33 ከመቶ የሚሆኑት ከሲታ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከሚገባው በላይ የወፈሩት ሴቶች 8 ከመቶ፣ ወንዶች 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዳሰሳ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው ቁመታቸው የቀነጨረ ነበር። «ከሲታ» የሚባለው ኪሎው በሜትር ለተለካ ቁመቱ ካሬ ተካፍሎ ከ18.5 በታች የሚመጣበት ሰው ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 52 ኪሎ የሆነ ወጣት 18 ይመጣበታል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት «መጀመሪያ ስብህን አቅልጥ» የሚለው የቪዲዮ ምክር ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጎጂ ነው። የሚያቀልጠው ስብ የለውም፤ ምግብ በቀነሰ ቁጥር የሚሄደው ጡንቻው ነው። በከተማው ቁጭ ብሎ የሚሠራ፣ ቦርጭ የጀመረው ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እርሱ ልምምዱን ገና የጀመረ ከሆነ ተጨማሪ ምግብ ሳያስፈልገው፣ እንዲያውም ምግቡን በጥቂቱ ቀንሶ፣ ስቡ እየቀነሰ ጡንቻው ሊጨምር ይችላል። በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነ ጥናት ወፍራም ወጣት ወንዶች ለአራት ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው ጉልበት 40 ከመቶ ያህል ተቀንሶባቸው በብርቱ ልምምድ ቆይተዋል። በቀን በኪሎ 2.4 ግራም ፕሮቲን የበሉት 4.8 ኪሎ ስብ ሲቀንሱ 1.2 ኪሎ ስብ አልባ ክብደት ጨምረዋል፤ 1.2 ግራም የበሉት ስብ 3.5 ኪሎ ቢቀንሱም ስብ አልባው ክብደታቸው ባለበት ቀርቷል።

የተጨማሪ ምግብ ልክ

ቀጭን ሰው ጡንቻ ለመጨመር ከሚያወጣው ጉልበት ትንሽ በለጥ አድርጎ መብላት አለበት። ዋናው ጥያቄ በስንት የሚለው ነው። ሰውነት በአንድ ሳምንት ሊሠራ የሚችለው ጡንቻ ውስን ስለሆነ ከዚያ የተረፈው ወደ ስብ ይሄዳል። በኖርዌይ በታዋቂ ስፖርተኞች ላይ በተደረገ ጥናት አንዱ ቡድን በምግብ ባለሙያ ምክር በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ትርፍ እንዲበላ ተደርጎ፣ ሌላው እንደ ፍላጎቱ በላ። በስተመጨረሻ ትርፍ የበላው ቡድን ስብ በ15 ከመቶ፣ የሌላው በ3 ከመቶ ሲጨምር፣ በጡንቻው ጭማሪ ግን በሁለቱ መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልታየም።

ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች በቀን ከ200 እስከ 300 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ጭማሪ ይመክራሉ። ይህ በላስታ ቤት ውስጥ 60 ግራም ያህል የገብስ ቆሎ ወይም በሶ ማለት ነው፤ ከዘይት ሲለካ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተኩል አይሞላም። በወር ከ600 ግራም እስከ 1.2 ኪሎ መጨመር ለ60 ኪሎ ሰው ደህና ፍጥነት ነው። ለዓመታት ክብደት ያነሳ ሰው ከዚህም ያነሰ መጠበቅ ይኖርበታል።

ጾም፣ ቅበላና ፋሲካ

የላስታ የአመጋገብ ዘመን የሚቆጠረው በቤተ ክርስቲያን ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ አለ፤ የሐዋርያት ጾም፣ ነነዌና ገሃድ በየቦታቸው ይገባሉ፤ ከሃምሳው ውጭ ረቡዕና ዓርብም አይቀሩም። በጠቅላላው ለምእመኑ ወደ 180፣ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ እስከ 250 የሚደርሱ ቀናት ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ይታለፋሉ። ግሪኮች በጾም ወቅት ብዙ የባሕር ምግብ ስለሚፈቅዱ በእነርሱ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን እንዳሉ ወስዶ ለኢትዮጵያ መተርጎም አይቻልም።

በሁለቱ የጾም ጫፎች ላይ ያለው ልማድ ግን ከጾሙ ራሱ በላይ ስለ ስብ ይናገራል። የሁዳዴ ዋዜማ ቅበላ ነው፤ ለቀናት ሥጋና ቅቤ ይበላል። ከፋሲካ በኋላም ሃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም በየቤቱ ዶሮ፣ በግ፣ ጠላና ጠጅ አይጠፋም። ጥርም የሠርግ ወር ነው። የሰውነት ግንባታ ስፖርተኞች «መወፈርና መክሳት» እያሉ በዕቅድ የሚያደርጉትን ዙር አገሩ ሳያቅደው ያካሂደዋል። ችግሩ ዙሩ ለጡንቻ አለመመቸቱ ነው። በበዓሉ ወቅት ትርፉ ምግብ ያለ ልምምድ ወደ ስብ ይገባል፤ በጾሙ ወቅት ደግሞ ምግቡም ፕሮቲኑም አብረው ስለሚወርዱ ከስቡ ጋር ጡንቻ ይሄዳል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ሰውየው ያው ኪሎ ላይ ሆኖ ክንዱ እየቀጠነ ሆዱ ሊሰፋ ይችላል።

መፍትሔው ጾሙን መተው አይደለም። ለጡንቻ ወሳኙ የፕሮቲኑ ብዛት እንጂ የሥጋ መኖር አለመኖር እንዳልሆነ የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 አሳይተዋል። ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበሉ ወጣቶችና ሥጋ የሚበሉ ወጣቶች ለ12 ሳምንት በሳምንት ሁለቴ የእግር ክብደት ሠሩ፤ ሁለቱም ወገኖች በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኙ ተደረገ፣ የጎደለው ለአንዱ በአኩሪ አተር፣ ለሌላው በወተት ፕሮቲን ዱቄት ተሞላ። የጡንቻቸውም የጉልበታቸውም ጭማሪ ተመሳሳይ ሆነ።

የሰዓቱ ጉዳይም አለ። በሁዳዴ በሥራ ቀናት ብዙ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ ይቆያል። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚቀረው። በጣሊያን ክብደት በሚያነሱ 34 ወንዶች ላይ ለስምንት ሳምንት በተደረገ ጥናት ምግባቸውን በስምንት ሰዓት ውስጥ የጨረሱት ስባቸው ሲቀንስ ጡንቻቸው አልጎደለም። አልጨመረም ግን። ከዚህ የሚወሰደው ሁዳዴ ያለውን ጡንቻ ለመጠበቅ፣ ሃምሳውና ከመስከረም እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ጊዜ ደግሞ ለመጨመር ይመቻሉ የሚለው ነው። ለመጠበቅ ደግሞ ብዙ አያስፈልግም፤ በወጣቶች ልምምዱ ወደ ሲሶ ቢቀንስ እንኳ የሚነሳው ክብደት እስካልቀነሰ ድረስ የተገነባው ጡንቻ ለወራት አይሄድም። በጾም ቀን ልምምዱን ከሚበሉበት ሰዓት ጥቂት ቀደም አድርጎ ወይም ከመጀመሪያው ምግብ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ መሥራት ይቀላል፤ ውሃም ሳይጠጡ ለቆዩ ሰዎች ሁለተኛው ይሻላል።

የጾም ማዕድ ስሌት

ቅዳሜ በላሊበላ ገበያ የሚገኘው እህል ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ መጠኑ ነው። ጥሬ ምስርና ባቄላ በ100 ግራም 25 ግራም ገደማ፣ ሽምብራ 20 ግራም ገደማ፣ የጤፍ ዱቄት 13 ግራም፣ የገብስ በሶ 11 ግራም ያህል፣ ለውዝ 26 ግራም ፕሮቲን አላቸው። ከቀጭን ሽሮ ጋር ሦስት እንጀራ የበላ ሰው ሆዱ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ግማሽ መንገድ አይደርስም፤ በምግቡ ውስጥ ያለው የጥራጥሬ ዱቄት ጥቂት ማንኪያ ነውና።

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ የጾም ቀን 200 ግራም ጥሬ ምስር ወይም ባቄላ (ተቀቅሎ ግማሽ ኪሎ ያህል ይሆናል)፣ ከ300 ግራም ዱቄት የተጋገረ እንጀራ፣ 60 ግራም በሶና 50 ግራም ለውዝ ቢበላ 108 ግራም ያህል ፕሮቲን ያገኛል። የእህል ፕሮቲን ከሥጋና ከእንቁላል ያነሰ ስለሚፈጭ 15 ከመቶ ቢቀነስለት ወደ 92 ግራም ይቀራል፤ ከ96ቱ ብዙ አይርቅም። ወጡ የሚሠራበት ዘይት ሦስት ማንኪያ ያህል ከሆነ አጠቃላይ ጉልበቱ ከ2,600 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይመጣል፤ ለቀጭን ወጣት የሚበቃ፣ ቦርጭ ላለው ግን ዘይቱና እንጀራው የሚቀነስበት ነው። ምስሩን በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ከፍሎ መብላት በአንዴ ከመዋጥ ይሻላል።

ጥራጥሬና እህልን አብሮ መብላት ተጨማሪ ጥቅም አለው። ጥራጥሬ ሜቲዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፣ ላይሲን ግን ሞልቶታል፤ ስንዴና ገብስ ግልባጩ ናቸው። በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው ጉልባን፣ ማለትም ባቄላና ስንዴ አብሮ የተቀቀለው ንፍሮ፣ ሁለቱን ያሟላል። ማንም ስለ አሚኖ አሲድ ሳያስብ ለዘመናት ተቀቅሏል። እንጀራ በምስር ወጥ፣ ቂጣ በስልጆም ያው ናቸው።

ብረትን በተመለከተ የእንጀራ መቡካት ፋይቴት የተባለውን ብረት የሚይዝ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ቡና ከምግብ በኋላ ወዲያው ሲጠጣ ግን የብረቱን መመጠጥ ስለሚያዳክም ቡናውን ከምግቡ ማራቅ ይረዳል። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ምግብ ብቻ ስለሚገኝ በፍስክ ቀናት እንቁላልና ወተት መተው የለባቸውም።

ጓያ

«ጥራጥሬ አብዛ» የሚለው ምክር በወሎ አንድ ትልቅ ማሳሰቢያ ይፈልጋል። ጓያ በ100 ግራም ከ25 ግራም በላይ ፕሮቲን ያለው፣ ድርቅ የሚችልና ርካሽ ጥራጥሬ ነው፤ ብቻውን ወይም ከሌላ ጋር ተደባልቆ ሽሮ ይሆናል። ነገር ግን ኦዳፕ የሚባል የነርቭ መርዝ አለው። ለሁለትና ሦስት ወር ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ላቲሪዝም የተባለውን የእግር ሽባነት ያመጣል፤ የሚይዘውም አብዝቶ ጉልበት የሚሠሩ ወጣት ወንዶችን ነው። በሽታው አንዴ ከመጣ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በወሎ ደላንታ ዳውንት አካባቢ ከድርቅ በኋላ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፣ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ጡንቻ ለማውጣት ብሎ በየቀኑ ብዙ ሽሮ የሚበላ ሰው ሽሮው ከምን እንደተፈጨ ማወቅ አለበት።

ዘይት

በጾም ምግብ ላይ ሳይታወቅ ጉልበት የሚጨምረው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው፤ ፕሮቲን ግን የለውም። የዘይቱ ዓይነትም ልዩነት ሳያመጣ አይቀርም። በስዊድን ኡፕሳላ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት 39 ወጣቶች ለሰባት ሳምንት በፓልም ዘይት ወይም በሱፍ አበባ ዘይት የተጋገረ ኬክ ከመደበኛ ምግባቸው በላይ በሉ። ሁለቱም ወገኖች 1.6 ኪሎ ጨመሩ፤ የፓልም ዘይት የበሉት በጉበታቸውና በሆድ ዕቃቸው ዙሪያ የበዛ ስብ ሲያከማቹ፣ የሱፍ አበባ የበሉት ስብ አልባ ክብደት ሦስት እጥፍ ያህል በለጠ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ሆኖም ከውጭ የሚገባው የሚረጋ ዘይት በአብዛኛው ፓልም መሆኑን፣ የኑግ ዘይት ደግሞ በስብ አሲዱ ከሱፍ አበባ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ለሚያውቅ የሚያሳስብ ነገር አለው።

ከፍታ

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከጎኗ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከ5,000 ሜትር በላይ ለሳምንታት መቆየት ጡንቻ እንደሚያሳጣ በተራራ ወጪዎች ታይቷል፤ በላሊበላ ከፍታ ግን ለኗሪው እንዲህ ያለ ሥጋት የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች የደማቸው ሄሞግሎቢንም የኦክሲጅን መጠንም በባሕር ጠለል ካሉ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። ከቆላ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዙሮች መካከል ረዘም ያለ ዕረፍት ያስፈልገዋል።

ልምምድ ያለ ጂም

በከተሞች ጂም ገብቶ የሚሠራ አለ፤ በየሰፈሩ ደግሞ በቆርቆሮ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ ብረት በመሰካት ክብደት የሚሠሩ ወጣቶች ድሮም ነበሩ። ገጠር ላለው ከሁሉ የሚቀርበው ቢጫው ጀሪካን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ የሚነሳውን ክብደት በኪሎ እየቆጠሩ መጨመር ይቻላል፤ ባዶውን በአሸዋ የሞላ ሰው ያው 20 ሊትር ከ30 ኪሎ በላይ ይሆንለታል። ውሃ ለመቅዳት ከመሸከም የሚለየው ዋናው ነገርም ይህ ነው፤ ጭነቱ በየሳምንቱ ያድጋል።

ጀሪካን ታቅፎ ቁጭ ብድግ፣ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኑን ወደ ሆድ መሳብ፣ ከትከሻ በላይ መግፋት፣ ፑሽ አፕና ከጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ማንሳት መላውን ሰውነት ይሸፍናሉ። ለእያንዳንዱ የጡንቻ ክፍል በሳምንት አሥር ዙር ገደማ፣ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ተከፍሎ፣ ጥሩ መነሻ ነው። በአንድ ዙር ስድስት ጊዜም ይነሳ ሠላሳ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ እስኪቀረው ድረስ ከተሠራ የሚያመጣው የጡንቻ ለውጥ ተቀራራቢ ነው። ይህ ቀላል ክብደት ብቻ ላለው ሰው መልካም ዜና ነው። በአንዱ ዙር ማንሳት የቻለው ቁጥር ሲያድግ ውሃ ይጨምራል።

እንቅልፍና መጠጥ

ምግብ የቀነሰ ሰው እንቅልፍም ከቀነሰ የሚከሳው ከስቡ ይልቅ ከጡንቻው ነው። በቺካጎ አሥር ሰዎች ለ14 ቀን በተቀነሰ ምግብ በአልጋ ላይ 8.5 ወይም 5.5 ሰዓት እንዲያሳልፉ ተደርጎ፣ ጥቂት በተኙበት ጊዜ የቀነሱት ስብ በ55 ከመቶ አንሶ፣ ያጡት ስብ አልባ ክብደት በ60 ከመቶ በልጦ ተገኝቷል። በሁዳዴና በፍልሰታ ማኅሌት የሚቆሙ ደብተራዎችና ዲያቆናት ቀን ሸለብ ማድረጋቸው ለዚህም ይጠቅማቸዋል።

አልኮል በግራም 7 ኪሎ ካሎሪ አለው። ከልምምድ በኋላ አብዝቶ የተጠጣ መጠጥ ፕሮቲን ቢበላበትም እንኳ የጡንቻን ግንባታ በ24 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተለክቷል። አንድ ብርሌ ጠጅ ይህን አያደርግም፤ በጥር ሠርግ ላይ ግን ማንም በአንድ ብርሌ አያቆምም።

የማወፈሪያ መድኃኒቶችና የተሳሳቱ ልማዶች

ቀጭን ወጣቶችን ቶሎ ለመለወጥ ተብለው በተለያዩ አገሮች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚወሰዱት መካከል ዴክሳሜታዞንና ሳይፕሮሄፕታዲን ይገኛሉ። የመጀመሪያው ፊትን ያሳብጣል፣ በሆድና በአንገት ዙሪያ ስብ ያከማቻል፣ የክንድና የጭን ጡንቻን ያፈርሳል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የስኳር መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቆም ለሕይወት ያሰጋል። ሁለተኛው የምግብ ፍላጎት ያነሳሳል፣ እንቅልፍ ያበዛል፤ ልምምድ የማይሠራ ሰው በእርሱ የሚጨምረው በአብዛኛው ስብ ነው። ሚዛን ላይ ሲወጡ ኪሎው ስለጨመረ ብቻ «ሠራ» ይባላል፤ ግን የተገኘው የተፈለገው ተቃራኒ ነው። የወንድ ሆርሞን መርፌዎች ጡንቻ በእርግጥ ይጨምራሉ፤ መካንነት፣ የልብና የጉበት ጉዳት አብረው ይመጣሉ፤ በውድድር ስፖርትም በኢትዮጵያ ፀረ ዶፒንግ ባለሥልጣን የሚያስቀጡ ናቸው።

ከዱቄቶቹ መካከል ብዙ ጥናት የተደረገበት ክሬቲን ነው። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል፤ ሥጋ የማይበላ ሰው በጡንቻው ያለው ክሬቲን ስለሚያንስ ለጿሚ ሊጠቅም ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚጨምረው አንድ ኪሎ ገደማ ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። የፕሮቲን ዱቄት ምግብ ነው፤ ምስር የሚያደርገውን ያደርጋል፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ።

ጥሬ እንቁላል መጠጣት ልማድ ሆኖ ቆይቷል። የተቀቀለ እንቁላል ፕሮቲን 90 ከመቶ ያህሉ ሲፈጭ የጥሬው ግን ከግማሽ ብዙም አያልፍም። ጥሬ ሥጋም ከበሰለው በላይ ጡንቻ አያወጣም፤ የኮሶ ትል ግን ያስይዛል።

ለውጥን መለካት

ኪሎ ብቻውን ጡንቻና ስብን አይለይም። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ በአንድ ሚዛን መመዘንና የአራት ሳምንቱን አማካይ ማየት ያስፈልጋል፤ ከቅበላና ከፋሲካ ማግስት የሚታየው ድንገተኛ ጭማሪ በአብዛኛው ጨው፣ ውሃና ያልወጣ ምግብ ነው። ሚዛን ለሌለው የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ወገብ በእምብርት ዙሪያ፣ ክንድና ጭን በመካከላቸው ይለካሉ። ክንድና ጭን ሲሰፉ ወገብ ባለበት ከቆመ የሚጨምረው ጡንቻ ነው፤ ወገብ ቀድሞ ከሰፋ ዘይቱና እንጀራው በጥቂቱ ይቀነሳሉ፣ ምስሩና ባቄላው ግን አይነኩም። በጾም ወር ክንዱ እየቀጠነ የሄደ ሰው የሚጨምረው ጥራጥሬውን ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕሙማንና በዕድገት ላይ ያሉ ልጆች ከንስሐ አባታቸውና ከጤና ባለሙያ ጋር ሳይመክሩ ምግባቸውን አይቀንሱም።